ሚሌ፦ የወንዜ ልጅ ማነው?

በሰው አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በገበያ ግርግር መካከል አንድ የሚታወቅ የአነጋገር ቃና ጆሯችን ላይ ጥልቅ ይላል፤ ዘወር ብለን «የየት አገር ሰው ነህ?» እንላለን፤ መልሱ እንደጠረጠርነው ከሆነ «ለካስ የወንዜ ልጅ ነህ!» ብለን እንተቃቀፋለን። አገራችን የተራራ አገር ሆና ሳለ «የተራራዬ ልጅ» የሚል ፈሊጥ የለንም። አባቶቻችን ዝምድናን ከደም ቀጥሎ የለኩት በውሃ ነው፤ ከአንድ ወንዝ የጠጣ፣ በአንድ ወንዝ ልብሱን ያጠበ፣ ከብቱን በአንድ መልካ ያወረደ ሰው ወገን ነው።

እኔም ብዙ ዘመን «የወንዜ ልጅ» ስል ኖሬአለሁ። ወንዜ ማን እንደሆነ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዛሬ ለአንባቢ የማወጋው ስለዚህ ወንዝ ነው፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ስሙ፣ ስሙም ስለሚያስከትለው ዕዳ።

የተወለድሁት በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ፣ ከውጫሌ ከተማ ዝቅ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል፤ ከዚያም በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ ወደ ሰሜን ይቀጥላል። ውጫሌ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው የአምባሰል ተራራ እንደ ግድግዳ ተገትሮ ያገኘዋል። ወደ ምሥራቅ ያየ እንደሆነ ግን ምድሩ ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ በስተመጨረሻም ከአፋር ቆላ ጭጋግ ጋር ሲቀላቀል ያያል።

በመንደራችን ወንዙ ስም አልነበረውም። እናቴ «ወንዝ ወርጄ ልምጣ» ትላለች፤ አባቴ «ወንዙ ሞልቷል፣ ከብቱን አታሻግሩ» ይላል። ወንዝ፣ በቃ። ብቻውን የሆነ ነገር ስም አያሻውምና። ይህ የእኛ መንደር አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከውጫሌ በስተደቡብ ያለው ያ ታላቅ የውሃ አካል ስሙ ማነው? ሐይቅ ነው። በዳሩ የተቆረቆረችው ከተማም ሐይቅ ናት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት፣ ብዙ ታላላቅ መነኮሳትም የወጡበት ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስ ይባላል። የጥንቱ ሰው ያንን ውሃ ባየ ጊዜ ሌላ ሐይቅ ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ እኛም ሌላ ወንዝ ይኖራል ብለን አላሰብንም።

በበጋ ወንዙን በድንጋይና በሣር እንጠልፈው ነበር። ውሃው በቦይ እየተመራ ወደ ማሳ ይገባል። የሚያከፋፍለውም «የውሃ አባት» የሚባል፣ አገር የመረጠው ሰው ነው። የእገሌ ተራ ከንጋት እስከ ቀትር፣ የእገሌ ከቀትር እስከ ማታ እያለ ይደለድላል። ተራውን የሰረቀ ይቀጣል፤ መበለቲቱ ተራዋ ሌሊት ከደረሰ ጎረቤት ቦዩን ይመራላታል። ስለዚህ ፍርድ እስከ ዛሬ ድረስ እኮራለሁ። ከመጨረሻው ማሳ በታች ግን ወንዙ ደረቅ ጠጠር ነበር። ከዚያ ወዲያ ተራ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ማንም አልቆጠረም፤ እኔም አልቆጠርሁም።

አሁን ወደ ውሃው መንገድ ልመለስ። አምባሰል አንድ ወረዳ ይሁን እንጂ በዚያ አገር ላይ የሚወርድ ዝናብ ዕጣው ሦስት ነው።

በምዕራብ በኩል የሚዘንበው ወደ በሽሎ ይሄዳል። በሽሎ ከኩታበር አቅራቢያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ አባይን የሚቀላቀል ወንዝ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚጎርፉባት ግሸን ማርያም ያለችውም በዚሁ ተፋሰስ ነው፤ በግሸን አምባ ላይ የወረደ ጠብታ ዕድሜ ከሰጠው ሜድትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በሽሎ በታሪካችንም ከባድ ወንዝ ነው። የናፒየር ጦር መቅደላን ለመውጣት የግድ መሻገር የነበረበት የዚህን ወንዝ ገደል ነበር፤ ከተሻገረም በኋላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸውን ሠዉ።

ሁለተኛው ዕጣ የሐይቁ ነው። ወደ ሐይቅ የገባ ውሃ በምድር ላይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ እዚያው ይኖራል፣ ፀሐይም ታነሣዋለች። የአገሩ ሰው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ሲያወጋ፣ በአንዲት ልዕልት ስለተበደለች ነፍሰ ጡር ሴት ይናገራል። እግዚአብሔር ተቆጥቶ በዳዮቹን ከነቦታቸው በውሃ ዋጣቸው፤ ሴቲቱ የተቀመጠችባት ስፍራ ብቻ ደረቅ ሆና ቀረች፤ ገዳሙም የተሠራው በእርሷ ላይ ነው ይላል። እንግዲህ የሐይቁ ውሃ በአፈ ታሪክ የፍርድ ውሃ ነው፤ የትም አይሄድም።

ሦስተኛው ዕጣ የእኛ ነው። ከአምባሰልና ከተሁለደሬ ከፍታዎች ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ምንጮችና ጅረቶች ተሰብስበው ሚሌ ይሆናሉ። ሚሌ መንገዱ የተለየ ነው። በሐይቅ አካባቢ ካሉት ኮረብቶች ተነሥቶ በመጀመሪያ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ይዞራል፤ አፋር ምድር ከገባ በኋላም ወደ ደቡብ ታጥፎ አዋሽን ይቀላቀላል። ቁልቁለቱን በቀጥታ ከመውረድ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ የሚደርስ፣ እንደ ደጋ ሰው ጥንቁቅ ወንዝ ነው። ሚሌን የተቀበለው አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳያይ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ሌሊት የወረደ ዝናብ አንዱ ግብፅን ያጠጣል፣ አንዱ ገዳም ሥር ይተኛል፣ አንዱ ከጅቡቲ ድንበር ላይ ጨው ሆኖ ይቀራል።

ስለ ስም ማውራት እንግዲህ እዚህ ላይ ይጀምራል። የእኛ አገር ስሞች እንደ አፈር ንብርብር ናቸው። «ሐይቅ» ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው። «አምባሰል» የሚለውን ሽማግሌዎች ሲፈቱት፣ የአማርኛው «አምባ» እና ማር ማለት የሆነው የዐረብኛው «አሰል» የተጋቡበት የማር አምባ ነው ይላሉ። «ወረ ባቦ»፣ «ወረ ኢሉ»፣ «ወረ ሂመኖ» ስንል ደግሞ «ወረ» ቤተሰብን፣ ወገንን የሚያመለክት የኦሮምኛ ቃል ነው። «ውጫሌ» የሚለው ስም ራሱ በወሎ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ ውስጥም ውጫሌ የሚባል አገር አለ። ስሞቻችን ብቻቸውን ተሰልፈው ቢቆሙ ማን ከማን ጋር እንደኖረ ይመሰክራሉ።

የወንዝ ስም ግን ከቦታ ስም ይልቅ አስቸጋሪ ዕድል አለው፤ ይጓዛልና። ተከዜ ድንበር ላይ ሲደርስ ሰቲት ይሆናል፤ ሱዳን ገብቶም አትባራ ይባላል። ባሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ስሙን ጥሎ ሶባት ይሆናል። ገናሌ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተቀላቅሎ ጁባ ሆኖ ሶማሊያ ይገባል። አባይም ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ሲገናኝ ናይል ነው። ወንዝ በስሙ መጥፋት የሚያፍር ፍጡር ቢሆን ኖሮ የአገራችን ወንዞች ሁሉ አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ወንዝ አማርኛ የሰጠው ቃል «ገባር» ነው። ገባር፣ ግብር የሚከፍል። ትናንት ማሩንና እህሉን ተሸክሞ ወደ ጌታው ደጅ የሚሄደውን ባላገር በጠራንበት ቃል፣ ውሃውን ተሸክሞ ወደ ትልቁ ወንዝ የሚሄደውን ትንሽ ወንዝ ጠራነው። ገባር ወንዝ ሁለት ነገር ያስረክባል፤ ውሃውንና ስሙን። ሚሌ አዋሽን ካገኘበት ጀምሮ ሚሌ የሚባል የለም።

ይህን ቃል በውጫሌ ሰው አፍ ላይ ባሰብሁ ቁጥር ታሪካችን ትዝ ይለኛል። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ወደ ሰሜን ተጉዘው ወሎ ነበሩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ከጣልያኑ መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር ያን ውል ተዋዋሉ። ስፍራው «ንጉሥ ይስማ» የሚል ስም መያዙ ያስገርማል፤ ንጉሡ የሰሙት ሌላ፣ በጣልያንኛው የተጻፈው ሌላ ሆኗልና። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ስለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግን መቻሉን ወደ ግዴታ ለወጠው። ጣልያን በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ይህንኑ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ምኒልክ ስለ ዘውዳቸው ለጻፉት ደብዳቤም ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ፣ ጉዳያቸውን በጣልያን በኩል እንዲልኩ የሚያሳስብ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፤ ያ አንቀጽ አገሪቱን ምን ሊያደርጋት እንደነበር በእኛ ቋንቋ ለመናገር ከ«ገባር» የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ውሃዋ የራሷ፣ ምንጯ የራሷ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ዓለም ስትወጣ ግን በሌላ ስም የምትጠራ ገባር ወንዝ ልትሆን ነበር። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው መሻሩ በጽሑፍ ጸደቀ። በልጅነታችን ይህን ታሪክ ስንማር ደረታችን ይነፋ ነበር፤ መንደራችን የአንድ ቃል ፍቺ ጦር ያማዘዘባት መንደር ናትና።

እንግዲህ በአንድ ቃል ሁለት ነገር መስማት ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ አገር ልጅ ነኝ። ይሁንና «የወንዜ ልጅ» የሚለውን ቃል ራሴ በግማሹ ብቻ እሰማው እንደነበር የተረዳሁት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነው።

ነሐሴ ወር ላይ ነበር፤ ለሥራ ወደ ሰመራ ስሄድ ከኮምቦልቻ ተነሥተን በባቲ በኩል ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ከአዋሽ ከሚመጣው አውራ ጎዳና ጋር ሚሌ ከተማ ላይ ይገናኛል። ከባድ መኪኖች ለፍተሻ በተሰለፉበት ኬላ ዳር ቆመን ሳለ ሙቀቱ ትንፋሽ ነሣኝ፤ ውሃ ያለበት ስፍራ ፍለጋ ወደ ድልድዩ ተጠጋሁ። ወንዙ ሞልቷል። ቀዩ ደለል እየተገለባበጠ ይወርዳል። እኔም ቀለሙን አወቅሁት። ክረምት ክረምት ከማሳችን ተጠርጎ ሲሄድ አባቴ በቁጭት የሚያየው አፈር ነበር።

በግራር ጥላ ሥር አንድ አፋር ሽማግሌ ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው ፍየሎቻቸውን ይጠብቃሉ። ሰላምታ ሰጥቼ «አባቴ፣ ወንዙ ማን ይባላል?» አልኋቸው። ባቲ ገበያ ላይ በተለማመዱት አማርኛ «ሚሌ ነው» አሉኝ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከየት መጣ በሚል ዓይን እያዩኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከወሎ፣ ከውጫሌ አልሁ። ዱላቸውን አንሥተው ወደ ምዕራብ፣ ሰማዩ ወደጠቆረበት ተራራ አመለከቱ።

«ከዚያ ከላይ?»

«አዎ፣ ከላይ።»

«እንግዲያው የዚህ ውሃ ሰው ነህ» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ውሃው ቀይ ሆኖ ሲመጣ፣ ተራራው ላይ ዘነበ እንላለን፤ ከብቱን ከዳር እናርቃለን። በበጋ ሲቀጥን ደግሞ ተራራው ላይ ያሉት ሰዎች እያረሱ ነው እንላለን» አሉኝ።

ወቀሳ አልነበረም። የአየር ጠባይ እንደሚነግር ሰው ነበር የተናገሩት። እኔ ግን መልስ አጣሁ። እኒያ ሽማግሌ በሕይወታቸው ረግጠዋት የማያውቋትን መንደሬን ዝናቧን፣ እርሻዋን፣ አፈሯን ያውቃሉ፤ ክረምትና በጋዋን ከወንዙ መልክ ያነብባሉ። እኔ ግን በመንደሬ ሳለሁ ከመጨረሻው ማሳ በታች ሰው መኖሩን እንኳ አላሰብሁም። የውሃ አባታችን በፍትሕ ያከፋፈለው ውሃ የሌላ ሰው ተራ ጭምር ነበረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሚሌ የተጻፈውን መፈላለግ ጀመርሁ። በ1920 ዓ.ም. ከሁለት ጣልያናውያን ጓደኞቹ ጋር የአፋርን በረሃ ያቋረጠው ኔስቢት ሚሌ ከአዋሽ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ በትልቅነቱ ተደንቆ፣ በዚያ ምድር ከአዋሽ ቀጥሎ ትልቁ ወንዝ እርሱ እንደሆነ መዝግቧል፤ ምንጩም በሐይቅ ዙሪያ ካሉት ኮረብቶች እንደሆነ ጽፏል። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገር ደግሞ በ1926 ዓ.ም. የአዋሽን ዳር ተከትሎ አቤ ሐይቅ ድረስ በመሄድ የወንዙን መጨረሻ ለውጭው ዓለም አሳወቀ። አፋሮች ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቁት ነበር፤ ለእነርሱ ምሥጢር ሆኖ አያውቅም።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ከመሬት ሥር የወጣው ነው። ድንቅነሽ ከተገኘችበት ከሐዳር በስተሰሜን የሚገኝ አንድ የቅሪተ አካል ጥናት ስፍራ አለ፤ ስሙ ወራንሶ-ሚሌ ይባላል። የእኛ ወንዝ ስም በሳይንስ መጻሕፍት የገባው በዚህ በኩል ነው። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን በዚያ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በ2008 ዓ.ም. ሚሮ ዶራ በተባለው ቦታ የተገኘው ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል የራስ ቅል ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለዓለም ይፋ ሲሆን የጥንታዊ ቅድመ አያቶቻችንን ፊት እስከዚያ ከታየው በበለጠ ጥራት አሳየ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 ዓ.ም. እዚሁ ከተገኙ የመንጋጋ አጥንቶች አዲስ የሰው ዘር ዝርያ መኖሩን አሳውቀው ነበር። ዝርያውንም «ደይረመዳ» ብለው ሰየሙት። ቃሉ አፋርኛ ነው፤ «የቅርብ ዘመድ» ማለት ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ቆየሁ። በወንዜ ስም በተጠራ ምድር ላይ፣ የወንዙ የታችኛው ሰዎች ቋንቋ ለጥንቱ ፍጡር የሰጠው ስም «የቅርብ ዘመድ» ሆነ። በላይኛው ቋንቋ ብንመልሰው «የወንዜ ልጅ» አይደለምን? ተራራና ቆላ ሳይመካከሩ በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። ይስማ ንጉሥ ላይ አንድ ውል በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ተናግሮ ነበር፤ እዚህ ሁለት ቋንቋ አንድ ውል ይዞ ተገኘ።

የሚሌን ስም ሥር መሠረት ፍለጋ አልወጣሁም። የስም ጉልበቱ ከየት መጣ በሚለው ብቻ አይለካም፤ ስንት ሰው በአንድነት ያስራል በሚለውም ይለካል። መንደራችን ወንዙን «ወንዝ» ብቻ እያለች በጠራችው ጊዜ ወንዙ የእርሷ ብቻ ነበረ፤ ጠለፈችው፣ አጠጣችው፣ ጨረሰችው። ሚሌ ብላ የጠራችው ዕለት ግን ከመጨረሻው ማሳ በታች የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ማመኗ ነው። የስም ዕዳ ያልሁት ይህንን ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መንደሬ ስገባ የውሃ አባት የሆነው አብሮ አደጌ ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ያየሁትን ሁሉ አወጋሁት፤ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ቀዩ ውሃ፣ ስለ ሽማግሌውም። ዝም ብሎ አዳመጠኝና «እና ምን ላድርግ? የእኛም ውሃ እኮ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልጆች በዝተዋል፣ ማሳ ሰፍቷል፣ ተራራው ተራቁቷል። ቀላል መልስ አልነበረኝም። ቢሆንም በማግሥቱ ጠዋት ቦዩ ዳር አብሬው ቆሜ ሳለ፣ ተራ ሲቆጥር ሰማሁት። የመጨረሻውን ማሳ ከጠራ በኋላ ቁልቁል ወደ ምሥራቅ አየና፣ እንደ ቀልድ አድርጎ «ቀጥሎ ሚሌ» አለ። ባላገሩ ሁሉ ሳቀ። ውሃው ያን ቀን ሚሌ አልደረሰም ይሆናል። እኔ ግን ያ ወንዝ በመንደራችን በስሙ ሲጠራ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀን ነበር።